አንድ ኩንታል ድንጋይ ሁለት መቶ ሜትር፦ ስለ ትሬቡሼ ታሪክና ፊዚክስ የተሰጠ ምላሽ

ከጥያቄዎ እንደተረዳሁት የ10ኛ ክፍል የፊዚክስ መምህር ነዎት፤ ተማሪዎችዎም በፊልም ያዩትን የመካከለኛው ዘመን ድንጋይ ወርዋሪ አንሥተው፣ ባሩድም ሞተርም የሌለው የእንጨት መሣሪያ አንድ ኩንታል የሚመዝን ድንጋይ ሁለት መቶ ሜትር ያህል ሊወረውር የቻለው እንዴት እንደሆነ ጠይቀውዎታል። እርስዎም ሁለት ነገር ጨምረዋል፤ የሚጎትተውን ክብደት እያበዛን ብንሄድ ድንጋዩ ያለ ወሰን እየራቀ ይሄዳል ወይ፣ መድፍ ከመጣ በኋላስ እነዚህ መሣሪያዎች ወዲያው ያልጠፉት ለምንድን ነው ብለዋል። መሣሪያውን በትንሹ ሠርተው በትምህርት ቤቱ ሜዳ ላይ ሊያሳዩ ማሰብዎንም ጽፈዋል።

ባጭሩ ልመልስ። መሣሪያው ጉልበት አይፈጥርም፤ ብዙ ሰዎች በብዙ ደቂቃ ያወጡትን ጉልበት ከፍ ብሎ በተሰቀለ ክብደት አጠራቅሞ፣ በአንድ ሁለት ሰከንድ ውስጥ ለአንድ ድንጋይ ያስረክባል። ክብደቱን ማብዛት የሚጠቅመው እስከተወሰነ ደረጃ ብቻ ነው። መድፍ ከመጣ በኋላ ከመቶ ዓመት በላይ የቆየውም፣ በእኔ እምነት፣ በኃይሉ ብልጫ ሳይሆን ጠዋት የመታውን ቦታ ከሰዓት በኋላም ደግሞ መምታት በመቻሉ ነው። ይህ የመጨረሻው ነጥብ ብዙ ጊዜ ስለሚዘለል በኋላ ሰፋ አድርጌ እመለስበታለሁ። ዓመቶቹን ሁሉ የምጠቅሰው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

በቅድሚያ በፊልም የሚታየውን መሣሪያ ከዚህኛው መለየት ያስፈልጋል። ጫፉ እንደ ጭልፋ የጎደጎደውና ሲለቀቅ ከአግዳሚ እንጨት ጋር ተላትሞ የሚቆመው መሣሪያ የሮማውያኑ ኦናጀር ዘመድ ነው፤ በ4ኛው ክፍለ ዘመን የኖረው ወታደርና ታሪክ ጸሐፊ አሚያኑስ ማርኬሊኑስ አሠራሩን ገልጾታል። ጉልበቱን የሚያገኘው ከተጠማዘዘ የጅማት ወይም የፀጉር ገመድ ነበር፤ እንዲህ ያለው ገመድ ደግሞ እርጥበት ሲነካው ይላላል፣ ሲውል ሲያድርም ውጥረቱ ይቀንሳል። በ12ኛውና በ13ኛው ክፍለ ዘመን ግንቦችን ያስጨነቀው መሣሪያ ሌላ ዝርያ ነው። ከፍ ብሎ በተተከለ ዘንግ ላይ የሚወዛወዝ ረጅም ግንድ አለው፤ በረጅሙ ክንድ ጫፍ ወንጭፍ ይንጠለጠላል፣ አጭሩን ክንድ ደግሞ አንድ ነገር ወደ ታች ይስበዋል። ፈረንሳዮች ትሬቡሼ ይሉታል፤ እኔም በዚሁ ስም እጠራዋለሁ። በነገራችን ላይ፣ በመጽሐፈ ዜና መዋዕል ካልዕ ምዕራፍ 26 ንጉሥ ዖዝያን በኢየሩሳሌም ግንቦች ላይ ፍላጻና ታላላቅ ድንጋይ የሚወረውሩ መሣሪያዎች እንደሠራ ተጽፏል፤ አሠራራቸው ግን ስላልተገለጸ ከየትኛው ዝርያ ጋር እንደምንመድባቸው መናገር አይቻልም።

የትሬቡሼ ዝርያ የመጀመሪያው አባል በሰው የሚጎተተው ነበር። ቻይናውያን ከክርስቶስ ልደት በፊት በ4ኛው ክፍለ ዘመን ገደማ ያውቁት ነበር፤ በ6ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ አቫሮችና ስላቮች ተሰሎንቄን ሲከቡም ይህንኑ መሣሪያ እንዳሰለፉ የከተማዋ ሊቀ ጳጳስ ዮሐንስ ጽፏል። በአጭሩ ክንድ ላይ ብዙ ገመድ ይታሰራል፤ ሰዎች በአንድ ምልክት ወደ ታች ሲስቡ ረጅሙ ክንድ ወደ ላይ ይስፈነጠራል። የሚወረውረው ድንጋይ ቀላል ነው፤ የሚደጋግምበት ፍጥነት ግን ያስደንቃል። በ1147 ሊዝቦን በተከበበች ጊዜ በቦታው የነበረ ጸሐፊ እንደዘገበው፣ ሁለት መሣሪያዎች መቶ መቶ ሰው እየተፈራረቀባቸው በ10 ሰዓት ውስጥ 5,000 ድንጋይ ወርውረዋል። ቁጥሩን እንዳለ ከተቀበልነው አንዱ መሣሪያ በሰዓት 250፣ ማለትም በየ14 ሰከንዱ አንድ ድንጋይ ወርውሯል ማለት ነው። ተጋኖ ሊሆን ይችላል፤ የማይሆን ግን አይደለም።

ከዚህ በኋላ የመጣው ለውጥ ሰዎቹን አስወግዶ በቦታቸው ክብደት መስቀል ነው። ይህ የሆነው በ12ኛው ክፍለ ዘመን በምሥራቅ ሜዲትራንያን አካባቢ ይመስላል። በ1187 ገደማ አል ጠርሱሲ የተባለ ሊቅ ለሰላሐዲን ባዘጋጀው የጦር መሣሪያ ጽሑፍ ውስጥ፣ በሰው ከሚጎተቱት ጋር አያይዞ «የፋርስ» ያለውን አንድ መሣሪያ ገልጿል፤ የዚህኛው አጭር ክንድ የሚሳበው በመረብ ውስጥ በተሞላ ድንጋይ ነበር። በመቶ ዓመት ውስጥ መረቡ ወደ ትልቅ የእንጨት ሣጥን ተለወጠ፤ በአፈር፣ በአሸዋ፣ ሲገኝም በእርሳስ ይሞላ ነበር።

አሁን ወደ ስሌቱ እንግባ። የክብደቱ ሣጥን 60 ኩንታል፣ ማለትም 6,000 ኪሎ ይመዝናል፤ ሲለቀቅ 3 ሜትር ይወርዳል፤ ድንጋዩ 100 ኪሎ ነው እንበል። ሣጥኑ ከፍ ብሎ ሳለ የያዘው እምቅ ጉልበት 6,000 በ9.8 በ3 ሲባዛ 176,400 ጁል ይሆናል። ይህን ጉልበት እዚያ ያስቀመጡት ሰዎች ናቸው። አንድ ሠራተኛ ለረጅም ጊዜ ሳያቋርጥ 75 ዋት ያህል ያወጣል ብንል፣ አሥር ሰዎች ገመድ የሚጠመጠምበትን ዘንግ እያዞሩ ሥራውን በ4 ደቂቃ ገደማ ይጨርሱት ነበር፤ ሰበቃውና ድንጋዩን የመጫኑ ሥራ ሲታከልበት ግን ጊዜው ከእጥፍ በላይ ይረዝማል። ከተጠራቀመው ጉልበት 60 በመቶው ለድንጋዩ ይደርሳል፣ የቀረው በክንዱ፣ በሚወዛወዘው ሣጥንና በሰበቃ ይባክናል ብለን እናስብ። 105,840 ጁል ለ100 ኪሎ ድንጋይ ሲሰጥ ፍጥነቱ በሰከንድ 46 ሜትር ይሆናል፤ ድንጋዩ በ45 ዲግሪ ቢለቀቅ፣ የአየሩን መቋቋም ከተውነው፣ 216 ሜትር ርቆ ይወድቃል። ከጥያቄዎ ጋር የሚቀራረብ ቁጥር ነው።

እነዚህን ደረጃዎች ብናጣምራቸው ለክፍል ውስጥ የምትመች አንዲት ቀመር እናገኛለን፤ 2ን በውጤታማነቱ መጠን፣ ክብደቱ የድንጋዩ ስንት እጥፍ እንደሆነ በሚያሳየው ቁጥርና በመውረጃው ከፍታ ስናባዛው ርቀቱ ይወጣል። በምሳሌያችን 2 በ0.6 በ60 በ3፣ ማለትም 216 ሜትር ነው። የስበት ፍጥንጥነት በቀመሯ ውስጥ እንደሌለ ልብ ይበሉ። ስበት በአንድ በኩል ጉልበቱን ይሰጣል፣ በሌላ በኩል የተወረወረውን ድንጋይ ወደ መሬት ይመልሳል፤ በመጨረሻም ራሱን በራሱ አጣፍቶ ከስሌቱ ይወጣል። ይኸው መሣሪያ ጨረቃ ላይ ቢተከል እዚያም 216 ሜትር ይወረውራል፤ ሁሉም ነገር በዝግታ ከመሆኑ በስተቀር። ተማሪዎች ይህን በቀላሉ አያምኑም፤ ስሌቱን ራሳቸው እንዲሠሩት ማድረግ ይሻላል።

ታዲያ 60 ኩንታሉን 600 ብናደርገው ርቀቱ አሥር እጥፍ ይሆናል? አይሆንም። ክብደቱ ምንም ያህል ቢበዛ በነፃ ከሚወድቅ ዕቃ በልጦ ሊፈጥን አይችልም። ከ3 ሜትር ከፍታ የወደቀ ነገር መሬት ሲደርስ ፍጥነቱ በሰከንድ 7.7 ሜትር ነው፤ ረጅሙ ክንድ የአጭሩ 4 እጥፍ ከሆነ የክንዱ ጫፍ በሰከንድ ከ31 ሜትር በላይ መፍጠን አይችልም። ከዚህ ደረጃ በኋላ የሚጨመረው ክብደት ድንጋዩን ትቶ ራሱን ብቻ ያስሮጣል፤ ከዚያም ታች ሲደርስ የተረፈውን ጉልበት ሁሉ በተሸካሚው እንጨት ላይ ያራግፈዋል። የውጤታማነቱ መጠን ይወርዳል፣ መሣሪያውም ይፈርሳል። ለዚህ ነው ክብደቱ የድንጋዩን መቶ እጥፍ ከተሻገረ በኋላ ትርፉ እየቀነሰ የሚሄደው።

እዚህ ላይ አንድ የሚጋጭ የሚመስል ነገር አለ። የክንዱ ጫፍ በሰከንድ ከ31 ሜትር የማይበልጥ ከሆነ ቀደም ብለን ያገኘነው 46 ከየት መጣ? ከወንጭፉ ነው። ማማ ላይ ሆኖ ማሽላ የሚጠብቅ ልጅ ድንጋዩን በባዶ እጁ ቢወረውረው የሚደርስበትን ርቀትና በወንጭፍ ሲወረውረው የሚደርስበትን ያየ ሰው ነገሩን ያውቀዋል፤ ወንጭፍ ክንድን ያረዝማል፣ ግን እንደ አጥንትና ሥጋ ክብደት አይጨምርበትም። በትሬቡሼም እንዲሁ ነው። ክንዱን በእንጨት ብናረዝመው እንጨቱን ራሱን ለማንቀሳቀስ ብዙ ጉልበት ይባክናል፤ ገመድ ግን ክብደቱ ከቁጥር አይገባም።

የወንጭፉ ጥቅም ግን በርዝመት አያበቃም። መጀመሪያ ላይ ድንጋዩ ከመሣሪያው ሥር በተዘረጋ የእንጨት ቦይ ላይ እየተንሸራተተ ይሄዳል፤ ክንዱ ሲነሣ ወንጭፉ ኋላ ይቀርና ትንሽ ቆይቶ በክንዱ ጫፍ ዙሪያ መዞር ይጀምራል። ክንዱ ወደ ቀጥ ማለቱ ሲቃረብ ድንጋዩ ጫፉን ወደ ኋላ ስለሚስበው ክንዱ እየዘገየ ይሄዳል፤ እሱ ያጣው ጉልበት ወደ ድንጋዩ ይተላለፋል። በደንብ በተስተካከለ መሣሪያ ላይ ድንጋዩ በሚለቀቅበት ቅጽበት ክንዱ ቆመ ለማለት ምንም አይቀረውም፣ ሣጥኑም ታች ደርሶ ጸጥ ይላል። መሣሪያው ያለውን ሁሉ ሰጥቷል ማለት ነው። በዚያ ቅጽበት ገመዱን የሚወጥረው ኃይል ቀላል አይደለም፤ ድንጋዩ 8 ሜትር ያህል ራዲየስ ባለው ቅስት ላይ ይጓዛል ብንል፣ አንዱ ኩንታል ድንጋይ ገመዱን የ27 ኩንታል ያህል ይስበዋል።

አለቃቀቁም ዘዴ አለው። ከወንጭፉ ሁለት ገመዶች አንደኛው ከክንዱ ጋር በማይፈታ ቋጠሮ ይታሰራል፤ የሁለተኛው ጫፍ ቀለበት አለውና በክንዱ ጫፍ ላይ በተተከለ ለስላሳ የብረት ጥርስ ላይ ይጠለቃል። ወንጭፉ ከጥርሱ ጋር ወደ መስተካከል ሲደርስ ቀለበቱ ይሾልካል፣ ድንጋዩም ይሄዳል። ጥርሱ ወደ ፊት ሲጎብጥ ቀለበቱ ይዘገያል፣ ድንጋዩ ዝቅ ብሎ ይበራል፤ ጥርሱ ሲቃና ቀለበቱ ቀድሞ ይወጣል፣ ድንጋዩ ሽቅብ ይሄዳል። የመሣሪያው ሠሪ ዋና ሙያ ያለው እዚህ ጣት በምታህል ብረት ላይ ነው። በ1521 የስፔናዊው የኤርናን ኮርቴስ ሠራዊት በዛሬዋ ሜክሲኮ የነበረችውን የአዝቴኮች ዋና ከተማ ቴኖችቲትላንን ከቦ ባሩድ ሲያጥረው አንድ ወታደር ትሬቡሼ እሠራለሁ ብሎ ነበር፤ መሣሪያው ተሠርቶ ሲሞከር ግን ድንጋዩ ሽቅብ ወጥቶ በተነሣበት ቦታ ላይ እንደወደቀ በዘመቻው የነበረው በርናል ዲያዝ ጽፏል። ከታሪኩ የምረዳው እንጨቱን ማቆም የሚያውቅ እንደነበረ፣ ቀለበቱን ማስተካከል የሚያውቅ ግን እንዳልነበረ ነው።

አሁን በመግቢያዬ ወዳልኩት ነጥብ ልመለስ። በሰው የሚጎተተው መሣሪያ ዋና ድክመት የኃይል ማነስ አልነበረም። መቶ ሰው አንድ ዓይነት ስቦ አያውቅም፤ አንዱ ይደክመዋል፣ አንዱ ይቀድማል፣ ስለዚህ ድንጋዩም አንዴ ከግንቡ ወዲህ፣ አንዴ ከግንቡ ወዲያ ይወድቃል። 60 ኩንታል ክብደት ግን ሁልጊዜ 60 ኩንታል ነው፤ ከ3 ሜትርም ሁልጊዜ 3 ሜትር ይወርዳል። ዴንማርክ ውስጥ ኒክዮቢንግ ፋልስተር በሚገኝ የመካከለኛው ዘመን ማዕከል በ1989 የተሠራው ትሬቡሼ በ2 ቶን ክብደት 15 ኪሎ የሚመዝን ኳስ 180 ሜትር እየወረወረ፣ ኳሶቹን ጎኑ 6 ሜትር በሆነ አራት ማዕዘን ውስጥ ማሳረፍ ችሏል። አንድ ግንብ የሚሰነጠቀው በአንድ ምት ሳይሆን አንዱን ቦታ እየደጋገሙ በመምታት ስለሆነ፣ የመሣሪያው ዋጋ ያለው እዚህ ላይ ነው።

ይህ ብልጫ ግን በድንጋዩ ላይ ይወሰናል። በቀመራችን 100 ኪሎውን ድንጋይ በ110 ኪሎ ብንተካው ርቀቱ ከ216 ወደ 196 ሜትር ይወርዳል፤ በ10 ኪሎ ልዩነት የተነሣ ድንጋዩ ከግንቡ በ20 ሜትር ያንሳል። ስለዚህ በየከበባው ድንጋይ ጠራቢዎች ከአናጺዎች የማያንስ ሥራ ነበራቸው፤ ድንጋዩን እያድቦለቦሉ አንድ ዓይነት መጠንና ክብደት ያስይዙት ነበር። ከጦርነቱ ትዕይንት ሁሉ እኔን የሚስበኝ ይህ ነው፤ የመዶሻውና የመሮው ሥራ ካልተስተካከለ ግዙፉ መሣሪያ ዋጋ የለውም።

ወጪውና ድካሙ ምን ያህል እንደነበር ሁለት ከበባዎች በደንብ ያሳያሉ። በ1291 የግብፁ የማምሉክ ሱልጣን አል አሽራፍ ኸሊል በመስቀል ጦረኞች የተያዘችውን የሜዲትራንያን ጠረፍ ከተማ አካን ሲከብ «አል መንሱሪ» የተባለው ታላቅ መሣሪያ ተፈታትቶ በመቶ ጋሪ ተጭኖ ነበር የመጣው። በኋላ ታሪክ ጸሐፊ የሆነው አቡል ፊዳ ያኔ ገና ወጣት አዛዥ ነበርና ከጋሪዎቹ የአንዱ ኃላፊነት ተሰጥቶት ነበር። በፈረስ ስምንት ቀን የሚፈጀው መንገድ በዝናቡና በብርዱ ምክንያት አንድ ወር እንደወሰደባቸው ጽፏል። በ1304 ደግሞ የእንግሊዙ ንጉሥ ኤድዋርድ 1ኛ በስኮትላንድ የስተርሊንግን ግንብ ሲከብ፣ አምስት ዋና አናጺዎችና ሃምሳ ያህል ሠራተኞች «ዋርዉልፍ» የተባለውን መሣሪያ ለወራት ሲሠሩ ቆዩ። ለክብደት የሚሆነው እርሳስ ከአካባቢው አብያተ ክርስቲያናት ጣሪያ ላይ ተገፈፈ፤ ከመሠዊያው በላይ ያለው ክፍል ብቻ እንዳይነካ ታዝዞ ነበር። እርሳስ የተፈለገው ያለ ምክንያት አልነበረም፤ 60 ኩንታል አፈር ወደ 4 ሜትር ኩብ የሚጠጋ ሣጥን ሲፈልግ፣ ያንኑ ያህል እርሳስ ግማሽ ሜትር ኩብ ይበቃዋል። በግንቡ የነበሩት ሰዎች በጁላይ እጃቸውን ለመስጠት ሲጠይቁ ንጉሡ መሣሪያው ሳይሞከር አልቀበልም አለ። ያን ሁሉ አስወጥቶ ሳይወረውርበት ወደ አገሩ መመለስ አልሆነለትም።

የመሣሪያው ዕውቀት ከአገር አገር የሚጓዘው ከባለሙያዎቹ ጋር ነበር። የሞንጎሎቹ ገዥ ኩብላይ ካን ለዓመታት ተከባ ያልተያዘችውን የቻይና ከተማ ሺያንግያንግን ለመያዝ ከኢራቅና ከፋርስ ወገን ኢስማኢልና አላ አልዲን የተባሉ ሠሪዎችን አስመጣ። እነርሱ ያቆሙት መሣሪያ 150 ጂን፣ ማለትም ወደ አንድ ኩንታል የሚጠጋ ድንጋይ ይወረውር ነበር፤ በ1273 የከተማዋ አዛዥ ሊዩ ወንህዋን እጁን ሰጠ። በሰው የሚጎተተውን መሣሪያ ለዓለም ያበረከተችው ቻይና በክብደት የሚሠራውን ከምዕራብ መልሳ ተቀበለች ማለት ነው።

አንድ ማሳሰቢያ ግን አስፈላጊ ነው፤ ትሬቡሼ ብቻውን ግንብ አፈረሰ ሲባል በጥንቃቄ መስማት ይገባል። አብዛኛውን ጊዜ የሚሰባብረው በግንቡ አናት ላይ ያሉትን መከለያዎች ነበር፤ ተከላካዮቹ መከለያ ሲያጡ ቆፋሪዎች ወደ ግንቡ ሥር ተጠግተው መሠረቱን ይሸረሽራሉ። በአካም ማማዎቹን የጣለው በአብዛኛው ይኸው ቁፋሮ ነው።

ወደ መድፉ ጥያቄዎ ስንመጣ፣ አውሮፓ ውስጥ መድፍ ከ1320ዎቹ ጀምሮ ይታወቅ ነበር፤ ለረጅም ጊዜ ግን ባሩዱ ውድ፣ ጥራቱም የሚለዋወጥ ነበር፣ መድፉ ራሱም አንዳንድ ጊዜ ተኳሾቹን ይገድል ነበር። በ1453 ኦርባን የተባለ መድፍ ሠሪ ለኦቶማኖች የሠራው ግዙፍ መድፍ ቁስጥንጥንያን ሲደበድብ በቀን የሚተኩሰው ሰባት ጊዜ ያህል ነበር። በ1480 በሮዶስ ደሴት ላይ የተከበቡት የቅዱስ ዮሐንስ ፈረሰኞች የተባሉ የክርስቲያን ተዋጊ መነኮሳት በኦቶማኖች መድፍ ላይ ድንጋይ የሚያዘንብ ትሬቡሼ ሠሩ፤ ስሙንም «ግብር» አሉት፣ ሱልጣኑ ግብር ይጠይቃቸው ነበርና። ለውጡ የተጠናቀቀው ፈረንሳዊው ሻርል 8ኛ በ1494 በፈረስ የሚጎተቱ የነሐስ መድፎችንና የብረት አረሮችን ይዞ ጣሊያን በገባ ጊዜ ነው። እነዚህ መድፎች እንደደረሱ ይተኩሳሉ፤ አረሩም በቅስት ሳይሆን ቀጥ ብሎ ሄዶ የግንቡን የታችኛውን ክፍል ይመታል። በመቶ ጋሪ መጥቶ ለሳምንታት የሚገጣጠም መሣሪያ ከዚያ በኋላ ቦታ አልነበረውም።

ለሞዴልዎ፣ ክብደቱ 5 ኪሎ፣ ኳሱ 50 ግራም፣ የክብደቱ መውረጃ 30 ሴንቲ ሜትር ቢሆን ጥሩ መነሻ ነው። ቀመሯ ምንም ባይባክን 60 ሜትር ትሰጣለች፤ ግማሹን ካገኙ በደንብ ሠርተዋል። ረጅሙን ክንድ የአጭሩ 4 እጥፍ፣ ወንጭፉን ከረጅሙ ክንድ ጋር የተቀራረበ ያድርጉት፤ ለጥርሱ ጭንቅላቱ የተቆረጠ ምስማር ይበቃል። በመጀመሪያዎቹ ሙከራዎች ከምስማሩ በስተቀር ምንም ነገር አይቀይሩ፤ በፒንሳ ትንሽ በትንሹ እያጎበጡ ርቀቱን ይመዝግቡ። ርቀቱን ለ60 ሲያካፍሉ የውጤታማነቱን መጠን ያገኛሉ። 30 ሜትር የሚደርስ ኳስ በሰከንድ 17 ሜትር ገደማ ይፈጥናልና የዓይን መከላከያ ያድርጉ፤ ምስማሩ ገና ሳይስተካከል ኳሱ ወደ ኋላም ሊበር ስለሚችል ተማሪዎቹ ከፊትም ከኋላም ሳይሆን በጎን በኩል፣ ራቅ ብለው ይቁሙ።